በየትኛው ሀ?

ከፍላቂት ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ መሪጌታ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የቤታችን ሁለቱ ኮምፒውተሮች እኮ ተገናኝተዋል። አሮጌው ሊኑክስ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ቢሆንም ይግባባሉ።»

«ታዲያ ካሮጌው ላይ ያለው የየኔታ ዜማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባዲሱ ለምን አልመጣልኝም?»

«ፎልደሩን ምን ብለው ፈለጉት?»

«እንዳልሽኝ፣ ማኅሌት ብዬ።»

«በየትኛው ሀ?»

«በብዙኃኑ ኀ ነዋ። ማኅሌት በሌላ ይጻፋል እንዴ?»

«እኔ በሃሌታው ሀ ነው የሰየምኩት። ለኮምፒውተሩ ሌላ ስም ሆኖበት ነው።»

«ለካስ እሱም ፊደል ይለያል።»

«ቤት ስንገባ አስተካክለዋለሁ። ዛሬውኑ የኔታን ይሰሟቸዋል።»

«የማንን ነው የምታስተካክዪው፣ የኔን ነው ያንቺን?»

«የኔን።»

መታወቂያዬን ከኪሴ አውጥቼ፣ ኃይሉ የሚለው ስሜ በየትኛው ሀ እንደተጻፈ አየሁ።