በሁለት ጣት የሚፈታ ቋጠሮ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ አራዳ በአጥርና በዘበኛ አልነበረም የምትጠበቀው፤ በቃል ነበር። ተቀመጥና ስማኝ፣ ጊዜህን አላባክንብህም። ይህን ሰምተህ ስትነሳ አንድ የምትሞክረው ነገር ይዘህ ትሄዳለህ።

(እማማ አስካለ ይህን ያጫወቱኝ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነው። ቃሉ የእርሳቸው ነው፤ በቅንፍ ያለው ማብራሪያና መሃል ላይ ጣል የማደርገው ቃል ብቻ የእኔ ነው።)

ታዲያ ደም አይፈስም ነበር እንዳልልህ፤ ይፈስ ነበር። ልጅ ሆኜ ሰው የሚፈነካከተው በዱላ ነው፤ እና ከፍ ስል ጩቤ መጣ፤ እና ባል ሳገባ ደግሞ ጠመንጃ ያልያዘ ወንድ ራቁቱን የወጣ ይመስለው ጀመር። በተለይ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደምቅና ጠጅ ቤቱ ሲሞላ፣ አንዱ ሳይወድቅ አይመሽም። ታዲያ ዱላው ጩቤ፣ ጩቤው ጠመንጃ እየሆነ ሲሄድ ያልተለወጠ አንድ ነገር ነበረን። እሱን ነው የምነግርህ።

ባሌ ገበያው ዳር ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ እኔ አጠገቡ ጌሾ እሸጣለሁ። አንድ ቅዳሜ የአንድ ትልቅ ሰው አሽከር መጣ፤ ረጅም ነው፣ ይህን በር ቢገባ አጎንብሶ ነው፤ ጠመንጃ አንግቷል።

"ኮርቻውስ?" አለ።

"ቆዳው አልደረቀም፣ ወንድሜ። ማክሰኞ ና።"

"ጌታዬ ዛሬ ይነሳሉ። በቅሎዋን ምን ልጫናት?"

"እንግዲህ አንተው ተሸከማቸዋ" አለው ባሌ። አየህ፣ የአራዳ ልጅ አፉ አያርፍም። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ነው እንጂ ኮርቻው አይደለም ያናደደው፤ እና ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ የባሌን ራስ መታው። ባሌ ቆዳው ላይ ተደፋ። ደሙ ጌሾዬ ድረስ መጣ።

ሰው ሁሉ ገለል አለ። እሱ ዞሮ መሄድ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም እንዳልሆነ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ድንጋይ ላንሳ? ለጎረቤቶቼ "ባሌን ቤት አግቡልኝ" አልኩና ከኋላው ደረስኩበት፤ "በሕግ አምላክ" አልኩት።

ቆመ።

ልብ በል ልጄ፣ ጠመንጃ የያዘው እሱ ነው፤ እኔ እጅ ላይ ያለው የጌሾ ቅጠል ነው። ቆመ።

(ይህ ቃል የተጠራበት ሰው አንድ እርምጃ ቢራመድ ሕጉንም ንጉሡንም እንደናቀ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የሚይዘው ሌላ ሰው አያስፈልግም፤ ራሱን ይይዛል ማለት ነው።)

እና የነጠላዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። (ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ሲሄዱ ቁራኛ ይባላሉ።) "እንሂድ፣ ዳኛ ዘንድ" አልኩት። "እሺ፣ እቴ" አለ።

ሽቅብ ስንወጣ አራዳ ሁሉ ወጥቶ ያየናል። አንዱ "አያ ጎበዝ፣ ሠርጉ መቼ ነው?" ይላል፤ ሌላው "ሚዜ ጠፋ እንዴ?" ይላል። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ነጠላዬ እንዳይጎተት እርምጃውን ከእኔ ጋር አስተካክሎ ይሄዳል። ታዲያ ጓደኞቹ፣ ሌሎቹ አሽከሮች፣ እየሮጡ ደረሱብን። "ምን ነካህ? ጌታችን ተነስተዋል እኮ። በሁለት ጣት የሚፈታ ቋጠሮ፣ ፍታውና ና!"

ቢፈታውስ ማን ይይዘዋል? አገሩ ሩቅ ነው፤ የባሌ ደም ውሃ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ሰውዬው ቋጠሮውን አየው፤ እኔን አየኝ። "አምላክ ተጠርቶብኛል፤ እናንተ ሂዱ" አላቸው። ሄዱ። እንጀራውም አብሯቸው ሄደ።

ዳኛው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገሩን ሰሙና፣ "ቁስለኛው ይዳን ይሙት ሳይታወቅ አልፈርድም። እስከዚያ ዋስ ጥራ፤ ከሌለህ እግር ብረት ትገባለህ" አሉት። ግራ ቀኙን አየ። ሲያሾፍ የነበረው ሕዝብ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

"ዋስ የለኝም። የማውቃቸው ሰዎች አሁን ሄዱ" አለ።

"እኔ ዋሱ ነኝ" አልኩ።

"አንቺማ ከሳሹ ነሽ" አሉ ዳኛው።

"ከሳሹም ዋሱም ነኝ። መሄድ ሲችል አልሄደም፤ ከዚህ ሌላ ምን ዋስ ይፈልጋሉ?"

ዳኛው በኩታቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሲስቁ እንዳይታይ ነው። "ቢጠፋ በእሱ ፋንታ አንቺ ትያዣለሽ" አሉኝ። "ይሁን" አልኩ።

"አልፈሩም፣ እማማ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ፈራሁ እንጂ! ባሌ ቢሞት ለገዳዩ ዋስ የሆነች ሴት እባላለሁ። በምን ዓይኔ ዘመዶቹን አያለሁ? ሰውዬውን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ታዲያ ስንገባ ባሌ ራሱን ተጠምጥሞ ተጋድሟል። ዓይኑን ገለጠ፤ ያንን ረጅም ሰውዬ ከኋላዬ ቆሞ አየው። እና ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ማክሰኞ ብዬው አልነበር?"

ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ሰውዬውም አለቀሰ። ካሳ የሚከፍልበት የለውማ፣ ባሌ እስኪያገግም ቆዳ ሲያለፋለት ከረመ። ከዚያ በኋላም አልሄደም። ጠመንጃውን ሸጠና ወስፌና ቆዳ ገዛ፤ በዚያ ገበያ ከባሌ ቀጥሎ ስሙ የሚነሳ ኮርቻ ሰፊ እሱ ሆነ።

እና ዛሬ ሰው ሲደባደብ "ዘበኛ አነሰ" ትላላችሁ። ዘበኛ ምን ያደርጋል? እኛ ሲጠሩት የሚቆም ሰው ነበረን፤ በዚህ እኮራለሁ፣ እስክሞት እኮራለሁ። አላመንከኝም? ሂድና ሞክረዋ። ከተጣላኸው ሰው ጋር ልብስ ለልብስ ተቋጥራችሁ ከዚህ እስከ አምስት ኪሎ ሽቅብ ውጡ፤ ንዴቱ ከናንተ ጋር ከደረሰ እኔን ውሸታም በለኝ።

"እማማ፣ እኔ የለበስኩት እኮ ኮት ነው" አልኳቸው።

"እጅጌ የለውም?" አሉና ሳቁ። "ተነስ እንግዲህ፤ የተጣላኸው ሰውማ አይጠፋም።"