ከሁሉም በኩል የወጣች ፀሐይ
ጅዳ ያለችው የሸህ ሰይድ ልጅ "አባባ ወደውታል ካላልከኝ ግንባታው አይጀመርም" ስላለችኝ፣ የምታሠራላቸውን ቤት ፕላን ይዤ መካነ ሰላም አባቷ ዘንድ ሄድኩ። በኮምፒውተር የሠራሁት ነው፤ መስመሩ እንደ ምላጭ የሰላ፣ ጥላው ግን በየጥጉ እንደ ጭጋግ ለስለስ ያለ። ሸሁ ወረቀቱን አዟዙረው አዩትና "ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?" አሉኝ። "በሁሉም በኩል ናት፣ አባባ። ጥላው እንዲህ የሚለሰልሰው ያኔ ነው" አልኩ፣ እንደ ባለሙያ። "አውዙ ቢላህ! አንተ ልጅ፣ እኛ የጠየቅንህ የቂያማ ቀን እስኪደርስ የምንኖርበትን ቤት ነው። በል፣ ፀሐይዋን የከሰዓት በኋላው ዐስር ሶላት ላይ አድርጋት።"

ላፕቶፔን ከፍቼ ፀሐይዋን ወደ ምዕራብ አወረድኳት። ያ ጥላ የሞላው በረንዳ ባንድ ጊዜ ቦግ አለ። "ደረሶቼን ቁርአን የማስቀራው እኮ በዚህ ሰዓት፣ እዚሁ በረንዳ ላይ ነው" አሉ ሸሁ፤ "ፀሐይ ዓይናቸውን እየወጋች ሉሃቸው ላይ የተጻፈውን በምን ያዩታል?" በረንዳውን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። "ማሻ አላህ፣ አሁን ቤት ሆነ" አሉ። ወዲያው ጅዳ ደወልኩላት። "አባትሽ ወደውታል" አልኳት፤ "ስለ ፀሐይ ትንሽ ማስረዳት ነበረብኝ እንጂ።"