በስልክ የታየ ጎን

ጅጅጋ፣ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት አጠገቧ ላለው ሰውዬ ታወራለች።

«እናቴ ከገጠር፣ ከደምበል፣ ጎኔን አመመኝ ብላ በሰው ላከችብኝ። በስልክ የሚያክመው ዶክተር ጋ ደወልኩላት።»

«ሳያያት?»

«የት አይቷት? በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንት በታች ጫን ሲያደርጉት ያማል ወይ? አለኝ።»

«እሷን ጠየቅሻት?»

«እሷ ያለችበት ኔትወርክ የለም። የራሴን ጫንኩት፤ የወለደችኝ እኮ ናት።»

«እና?»

«ወላሂ አመመኝ! አዎ፣ ያማል አልኩት። መድኃኒት አዘዘ፤ ገዝቼ በደምበል መኪና ላክሁላት።»

«ቆይ፣ ግራ አጋባሽኝ። የታመመው ማነው?»

«እሷ ናታ!»

«ወሰደችው?»

«ወሰደች። ተሻለኝ ትላለች።»

«አንቺስ?»

«እኔንማ ይኸው እስከ ዛሬ ያመኛል።»

ሳላስበው እጄን ጃኬቴ ውስጥ አስገብቼ የራሴን ጎን ጫን አደረግኩት።