ሁለት መምህር ያላት ልጅ

መምህር ማሊን ባሳ የዐስር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ፣ የከተማው አውቶቡስ የእህታቸውን ልጅ ጉስኔሊን መንደሩ ዳር አወረዳት። በብብቷ የያዘችው በቀበቶ የታሰረ ወፍራም ነጭ ልብስ የጁዶ ነበር። ደማቸው ፈላ። ሲላት የሚባለውን የአገራቸውን ትግል ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ፣ ተማሪ ሲገባ ቢላዋ ያስረክባቸዋል፤ ቢላዋው ከተመለሰለት ተባረረ ማለት ነው።

«ነገ ጠዋት መጥተሽ ቢላዋሽን ውሰጂ» አሏት፣ ሰላምታዋን ሳይቀበሉ።

«ምን አጠፋሁ አጎቴ?»

«እኔ ሞቼ ነው ሌላ መምህር የያዝሽው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

«አንዱም ዛፍ ቢሆን በአንድ እግር አይወጣም።»

«ምላስሽንም እዚያው ነው የሳሉልሽ?»

«እሱስ የእናቴ ነው፤ አብረዋት አድገው የለ?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡት። ጉስኔሊ ግን አልሳቀችም።

«የተማሪዎ የዙልፋን ክንድ ለምን ተሰበረ?»

«የአላህ ውሳኔ ነው።»

«በአላህ አናሳብብ አጎቴ። ሲጥሉት በእጁ መሬቱን ሊደገፍ ሞከረ። መጣል እንጂ መውደቅ ማን አስተማረን? ይኸው እናቱ እንደ ሕፃን ታጎርሰዋለች፤ እኛ ‹ወንድ ልጅ ይችለዋል› እንላለን።»

ቁጣ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ ስለ ሌላው አጥንት የሚቆጣ ሰው ሊደመጥ ይገባዋል። መምህሩ ግን ገና አልሰሙም።

«እስቲ ይጣሉኝ» አለች፣ ልብሱን ሣሩ ላይ አስቀምጣ።

ጣሏት። አገጯን ወደ ደረቷ አስገብታ፣ መሬቱን በክንዷ መትታ ተነሣች። ሁለተኛውን በንዴት አጠንክረው ጣሏት፤ ተነሣች። በሦስተኛው ትንፋሽ ያጠረው እሳቸውን ነበር።

«አጎቴ፣ አባቶቻችን ፍጥረት ሁሉ መምህር ነው ይሉ የለ? ከነብር እርምጃ ስንማር ያላፈርን፣ ከሰው መማር ያሳፍረናል? የከተማዎቹ የጁዶ ሰዎችም ጭቃ ላይ ዝቅ ብሎ መቆምን ከእኔ እየተማሩ ነው። ማን አስተማረሽ ሲሉኝ፣ የማንን ስም የምጠራ ይመስልዎታል?»

መምህሩ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ቢላዋዋን ልትቀበል ስትመጣ፣ ግቢው የሩዝ ገለባ ተነጥፎበታል። ዙልፋን ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጥግ ተቀምጧል።

«ቢላዋዬስ?»

«እዚያው ይቀመጥ» አሉ መምህሩ፣ ገለባው ላይ እየተንበረከኩ። «መውደቅ ያላስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ቀድሜ የምማረውም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ አጥንት የተሰበረበት የለም። ፈሪ የነበረው ደፈረ፤ ሲላቱም አልጠፋም፣ ይልቅ ከከተማ ሳይቀር ተማሪ መጣለት። የዚያን ዕለት ግን፣ ጉስኔሊ አወዳደቁን ካሳየች በኋላ ከጥግ የተሰማው የዙልፋን ድምፅ ብቻ ነበር፦

«መምህር፣ አገጭዎን ያስገቡ።»