መቀመጥ የናፈቃት ሴት

ልብስ ተኳሿን የማያመሰግን ጎረቤት አልነበረም። «እሷ እቴ፣ መቀመጥ የሚባል አታውቅም!» ይሏታል። ቀን ከልብስ ንጽሕና ቤቱ ቆማ ትውላለች፤ ቤቷ ገብታም ለባሏ ራት ታቀርብና ግድግዳ ተደግፋ ታየዋለች። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ድሮ አብራው እንድትበላ ይጠራት ነበር። እሷ ሁልጊዜ አንድ ሥራ ስትፈጥር፣ ውሎ አድሮ መጥራቱን ተወ። ከጎረቤት ከደበቀችው ሕመሟ ይልቅ አንጀቷን የሚበላት የዚያ ጥሪ መቅረት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቷ ልጅ ነጭ ጋዋኗን ልትወስድ እንደ ገባች ዶፍ ዝናብ ጣለና መውጫ አጣች። ይህች ልጅ ሕፃን ሳለች ተኳሿ በጀርባዋ ያዘለቻት ናት፤ አሁን ሆስፒታል ውስጥ በእጅና በእንቅስቃሴ የምታክም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆናለች። ተኳሿ በቤቱ ያለችውን አንዲት ወንበር ጎተተችላት።

«እርስዎ ይቀመጡ እንጂ እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው!»

«እኔ ተቀምጬ ልብሱን ማን ሊተኩሰው? አንቺ?»

«ካውያው እኮ ከተነቀለ ቆየ።»

ተኳሿ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስቀመጥ ያመኛል ልጄ፤ ከታች» አለች። «የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ወንበር እሳት ሆኖብኛል፤ ሽንቴ ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍም ነሥቶኛል። ከባለቤቴም ጋር…» ቀሪውን ለዝናቡ ተወችለት።

«ታዲያ ሐኪም አላየዎትም?»

«ያላየኝ አለ? በመሣሪያ አዩ፣ ደም ቀዱ፣ ሽንት መረመሩ፤ ‹ምንም የለሽም› አሉኝ። አንዱ ጭራሽ ‹ሐሳብ አታብዢ› ብሎ ሸኘኝ። ምንም ከሌለኝ ምኔን ነው የሚያክሙት? ሴት ሆኖ ያላመመው የለም፤ እናቴም ችላው ኖራለች።»

ይህን ንግግር ካለማወቅ የመጣ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ደጋግማ በር አንኳኩታ ደጋግማ የተመለሰች ሰው ቃል ነውና። ልጅቷም ይህ ስለ ገባት በትሕትና መለሰች።

«‹ምንም የለም› ሲሉ ቁስል ወይም ዕጢ አላየንም ማለታቸው ይሆናል። መጀመሪያ እሱን ማጣራት ደግ ነው። ሕመም ግን ከጡንቻም ይመጣል። ፊኛንና ማህፀንን ከሥር ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች አሉ፤ እንደ አንገትና እንደ ትከሻ እነሱም ይኮማተራሉ።»

«እኔማ እንዳይላላ ብዬ ጨምቄ ነው የምይዘው! አራስ ሳለሁ አማቴ ‹ማህፀንሽ ይወርዳል፣ ጨምቀሽ ያዢ› አለችኝ። ይኸው አሁንም ይዤዋለሁ።»

«እስኪ ግራ እጅዎን ይጨብጡ። ጠበቅ አድርገው፤ እስክነግርዎ እንዳይፈቱት።»

ተኳሿ ግራ እየገባት ጨበጠች።

«የላላባት ሴት አለች፤ ለእሷ ማጥበቅ ይጠቅማታል። የተኮማተረባትን ግን ያብስባታል። ሳይታይ አይለይም።»

«ማን ሊያየው? እዚያ ቦታ? የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ እኮ!»

«ከእኛ ክፍል ሴት ባለሙያ ናት የምታክምዎት፣ በር ተዘግቶ። የውስጥ ምርመራ ካልፈለጉ ‹አልፈልግም› ይላሉ። ከሆድና ከዳሌ፣ ከአተነፋፈስም መጀመር ይቻላል። ‹በቃ› ካሉ ወዲያው ይቆማል።»

«ከአተነፋፈስ? ይሄን ሁሉ ዘመን ሳልተነፍስ ነው የኖርኩት?»

«ትንፋሽዎ ደረትዎ ላይ ቀርቷል፤ ወደ ሆድ አይወርድም። በሉ አሁን እጅዎን ይፍቱት።»

ጣቶቿ ደንዝዘው እንቢ አሏት። በቀኝ እጇ አንድ በአንድ ገለጠቻቸው፤ መዳፏ ላይ ጥፍሯ ታትሟል። እያሻሸችው ቀና አለች።

«ከባለቤቴ ጋር ገበታ ልቀመጥ እችላለሁ?»

«ቃል አልገባም፤ ወራት ይፈጃል። ብዙዎች ግን ይሻላቸዋል። ለባለቤትዎ ግን ዛሬውኑ ይንገሯቸው።»

«ይህን ለወንድ እንዴት አድርጌ ልንገር?»

«እስካሁን ምን ብለው የሚያስቡ ይመስልዎታል?»

ተኳሿ ያን ዕለት ማታ እያፈረች፣ እየተንተባተበች ነገረችው። ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። «እኔኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አላት።

ሐኪም እንደገና ካያት በኋላ ሕክምናውን ጀመረች። የልጅቷ ባልደረባ የሆነች ባለሙያ እያስፈቀደች የደነደኑትን ጡንቻዎች በእጇ አላላች፤ በሆድ መተንፈስንና የጨመቁትን መልቀቅን አስተማረቻት። አንዳንድ ሳምንት ወደ ኋላ ይመልሳታል፤ ቢሆንም እንቅልፏ ተመለሰ፣ ሽንት ስትሸናም ማቃጠሉ ቀለለላት፣ አውቶቡስ ላይም መቀመጥ ቻለች። ልብስ ሊያስተኩሱ ለሚመጡ ሴቶች፣ «‹ምንም የለሽም› ብትባይ በዚያ አትቅሪ፤ ጡንቻሽንም አሳዪ። መቻል ብቻውን አያድንም» ማለት ጀመረች። ከእነርሱም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሕክምናው የት ነው?» የምትላት አልጠፋችም።

አንድ እሑድ ምሳ አቀረበችና ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እሱ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ስለ ልጆቻቸው አወሩ፤ ሳቁም። ከገበታው እኩሌታ ላይ ግን ሕመሙ ብቅ አለና ተነሥታ መስኮቱ ዘንድ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሰዓት ሠሪው ሳህኑን አንሥቶ መጣና አጠገቧ ቆሞ መብላት ጀመረ። ወጡ ሸሚዙ ላይ ጠብ አለበት።

«ምን ነካህ? ቁጭ ብለህ ብላ እንጂ!»

«አንቺ ስንት ዓመት ቆመሻል» አላት እየጎረሰ፤ «እኔ አንድ ምሳ ያቅተኝ?»