ያልተጨመረው ኖራ

የምስክር መጠሪያ፦ በሥራ ቦታው «ኖራው» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የበር ጥበቃ፤ ቀድሞ የፍሳሽ ማጣሪያ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከኒኬል ቅብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከእናቱ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ሳልጠራ በራሴ ፈቃድ ጣቢያ ቀርቤ ይህን ተናግሬአለሁ። ትናንት የታሰረው የማጣሪያ ማሽን ኃላፊ ታናሽ ወንድሜ ነው። ፋብሪካው ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እዚያ የበር እጀታ በኒኬል ይቀባል። እጀታው የታጠበበት ውሃ ኒኬል ይዞ ይወጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራ እየበጠበጥኩ ኒኬሉን ጉድጓድ ውስጥ ሳዘቅጥ ኖርኩ። አምና ሜምብሬን የሚሉት ስስ ማጣሪያ ያለው ማሽን መጣ፤ ወንድሜ ሠልጥኖ ኃላፊ ሲሆን እኔ ወደ በር ተዛወርኩ። የፋብሪካው ባለቤት ከእንግዲህ ኖራ አያስፈልግም አለ። እኔ ግን እጄ አላርፍ ብሎ በየማለዳው 12 ሰዓት፣ ወንድሜ ሳይገባ፣ መግቢያው ጉድጓድ ላይ ኖራ እጨምር ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ውሃው ንጹሕ ሲወጣ ምስጋናው የእሱ ሆነ። እናታችን እንኳ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብሴን ስታጥብ «ይሄ ኖራ መቼ ነው የሚለቀን?» ስትል የኖረችው፣ የእሱን የሥልጠና ወረቀት ሳሎን ሰቀለች። ቀንቻለሁ። መርማሪው ቃሉን እንዲያለዝብልኝ አልፈልግም።

የዛሬ አሥራ ሰባት ቀን፣ ሰኞ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ እንግዶች መጥተው በፊት እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠየቁ። እኔ በር ላይ ቆሜ እየሰማሁ ወንድሜ «በፊትማ በግምት ነበር» አላቸው። ከማግስቱ ጀምሮ ባልዲ አላነሣሁም። ማሽኑን አልነካሁም፤ ምንም አላደረግኩም፤ ጥፋቴም ይኸው ነው። ያ ማጣሪያ ኖራ ያጓጎለውን እንጂ በውሃ የሟሟ ኒኬል አይዝም። የወንድሜ መለኪያ የሚያየው ደግሞ ድፍርስነትን ብቻ ነው። ውሃው ኩልል ብሎ ኒኬሉን ይዞ ወጣ።

በዘጠነኛው ቀን፣ በዚያ ውሃ የምትጠቀመው ችግኝ አፍይ ሴትዮ ቢጫ የሆኑ ችግኞቿን በሣጥን ተሸክማ መጣች። አላለቀሰችም፤ ሣጥኑን እግሬ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኖራውን መልሼ ጀመርኩ፤ የውሃው ናሙና ግን አስቀድሞ ለምርመራ ተወስዶ ነበር፤ ወንድሜም የተያዘው በዚያ ውጤት ነው።

ወንድሜ ሲያዝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ሠራተኛው ሁሉ የእሱን ጥፋት ሲያወራ በጥፋቱም ቀናሁበት። ሥራውም የእኔ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ሳቀብለው ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ስል «ጋሼ፣ ስንት ባልዲ ነበር?» አለኝ። ቅናቴ አልበረደምና ሳልመልስለት ወጣሁ።

ይህ ሁሉ ተነብቦልኝ ከአፌ የወጣው ሳይጨመር ሳይቀነስ መጻፉን አረጋግጫለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ነገር እንዲጨመርና ለወንድሜ እንዲነበብለት ጠይቄአለሁ፦ ሁለት ባልዲ ሙሉ፤ ሰኞ ሰኞ እጀታው የሚነከርበት የኒኬል ውሃ ስለሚቀየር ሦስት። በግምት አልነበረም።

የምስክሩ ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________