በኬዝያ ጠረጴዛ የተረፈችው ወንበር

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ዓሣ እየተጠበሰ፣ ሽማግሌው ሉሽየስ ቶሊቨር ሳህናቸውን ይዘው እህት ኧርሊን አጠገብ ተቀመጡ። ከጀርባቸው ባለው ጠረጴዛ የከተማው ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ብቻውን ይበላል። ሽማግሌው እንዳላዩት ሆኑ፤ ድምፃቸውን ግን ከወትሮው ከፍ አደረጉት።

«እህት ኧርሊን፣ ዓሣው ዛሬ እንዴት ወጥቶለታል! በቆሎ ዱቄቱ ላይ በርበሬ ያበዛሽው አንቺ ነሽ? እጅሽን ይባርከው። ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የእኔን ይህ የሚሲሲፒ ዝናብ ጨረሰው... ቤቱም ሞላ ዛሬ፣ ጌታ ይመስገን። ደጃፉን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ መጡ። ሰው የሚፈልገው ነገር ካለ መንገዱ መቼ ይጠፋዋል?

የልጅ ልጄ ኬዝያ ያው በመጪው ሳምንት ኒውዮርክ ላይ ስሟ ሊጠራ ነው። ፕሮፌሽናል ቡድኖቹ ተጫዋች የሚመርጡበትን ምሽት ‹ድራፍት› ይሉታል። መጀመሪያ ስትነግረኝ ቢራ መስሎኝ ተንበርክኬ ጸልዬላታለሁ! ለቤተሰብ አንድ ጠረጴዛ ይሰጣል አሉ። እናቷ አለች፣ እኔ አለሁ፣ የቴክሳስ አሠልጣኟ አለች... አንዲት ወንበር ተረፈች። ለዚያች ወንበር ስንቱ ደወለልን መሰለሽ! አንድ ትልቅ ሰው አሉ... ስማቸውን ምን ያደርግልሻል፣ ሐሜት ይሆንብኛል። ‹ያቺን ልጅ የሠራኋት እኔ ነኝ› ሲሉ በቴሌቪዥን ሰማኋቸው። ውሸት ነው እንዴ? እኔማ እመሰክርላቸዋለሁ!

እዚህ ኮሌጅ የገባች ዓመት ‹ዘንድሮ ቀይ ማሊያ አልብሰናታል› አሉን። እኔ አራተኛ ክፍል የቆምኩ ሰው ምን አውቃለሁ? ማዕረግ መሰለኝ። እናቷ ሱቅ ሮጠች። ቤተሰቡ በሙሉ፣ የሚታዘለው ሕፃን ሳይቀር፣ ቀይ በቀይ ለብሰን በጨዋታው ቀን ፊት ለፊት ተደረደርን። አንቺስ ያን ቀይ ባርኔጣሽን አድርገሽ አልነበር? ልጅቷ ተቀምጣ፣ እኛ ቆመን ስናጨበጭብ... ለካስ ቀይ ማሊያ ማለት ‹ዓመቱን ሙሉ ተለማመጂ፣ ጨዋታ ግን አትገቢም› ማለት ኖሯል! እኚያ ሰው ግን እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው! አላሳፈሩንም። እጃቸውን አውለበለቡልን። በመጣን ቁጥር፣ ቀያችንን ለብሰን በመጣን ቁጥር፣ ፈገግ ብለው ያውለበልቡልን ነበር። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል?»

ከጀርባ ሹካ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ሽማግሌው በረዶ ከገባበት ሻያቸው ተጎነጩ።

«በሁለተኛውም ዓመት አሳረፏት። ‹አጭር ናት› አሉ። ባለሙያ ናቸዋ፣ ቁመት ያውቃሉ። በሦስተኛው ዓመት ቴክሳስ ያለ ኮሌጅ ተቀበላት። እዚያም ሄዳ ያው አጭር ናት እኮ፣ ምናልባት ቅርጫቱን ዝቅ አድርገውላት ይሆናል... ደግሞስ እዚህ ያን ያህል ባያሳርፏት፣ እዚያ ያን ሁሉ ኳስ የምታገባበት ጉልበት ከየት ይመጣ ነበር? አሁን ፎቶዋን እዚህ ኮሌጁ በር ላይ ሰቅለዋል አሉ፤ ትልቅ ነው አሉ። ሜዳው ላይ ቦታ ቢያጡላት ግድግዳው ላይ አገኙላት። ይህም ፍቅር ነው።

የወንበሯን ነገር... እኔ አይደለሁም የወሰንኩት። ኬዝያ ራሷ ‹እህት ኧርሊን ትቀመጥልኝ› አለች። ከዚህ የሄደች ቀን ዕቃዋን በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ጭነሽ ቴክሳስ ድረስ የነዳሽው አንቺ አይደለሽ? መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ፣ ምንም ሳትጠይቂ የዘመርሽላትስ? እምቢ እንዳትዪ። ኧረ አታልቅሺ፣ እንባሽ ዓሣው ላይ ወረደ እኮ።

እኚያን ሰው ግን አልተቀየምኳቸውም። ዛሬ ጠዋት ስለ ቤታቸው ጸልያለሁ። ትንሿ ልጃቸው ኳስ ማንጠር ጀመረች አሉ። ኳሱን ታቅፋው ነው የምታድረው፣ አባቷም ስስታቸው ናት አሉ። ጌታ ያሳድግላቸው! እግሯን ያጽናላት፣ ለኮሌጅ ያብቃላቸው... እዚያም ስትደርስ፣ ልክ እንደ አባቷ ያለ አሠልጣኝ ይስጣት። አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።»